ኳስ-ተሸካሚ

«አባዬ፣ ኳስ-ተሸካሚ ምንድን ነው?»

አባቷ ከፈረቃ ገብቶ እጁን እየታጠበ ነበር። ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው እጁ አለመንጻቱ የቤቱ የቆየ ቀልድ ነው። የማሽን ግራሶ በጥፍሩ ሥር ገብቶ ቀርቷል።

«ኳስ-ተሸካሚ?» አለና ትንሽ አሰበ። «ሜዳ ዳር ቆሞ የወጣ ኳስ የሚያቀብለው ልጅ ነዋ።»

እናቷ ሽንኩርት ከምትልጥበት ሆና ሳቀች። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ደብተሯ ጀርባ ላይ ሁለት ክብ ሣለች፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ፣ በመሃላቸው ትንንሽ ኳሶች።

«ይሄ።»

«ኩሽኔታ!» አለ አባቷ። «ኩሽኔታ አትይም እንዴ? ምን ኳስ ምን ተሸካሚ ታመጫለሽ?»

«ሲበላሽ መጀመሪያ ምን ያሳያል?»

እጁን ሳያደርቅ አጠገቧ ተቀመጠ። ስለ ኩሽኔታ የጠየቀው ሰው በቤቱ ታሪክ አልነበረም።

«ኩሽኔታ ድንገት አይሞትም፣ ፕሮፌሰር። መጀመሪያ ያጉረመርማል። ካቻቢቴ ታነሻለሽ፤ ጫፉን ማቀፊያው ላይ፣ እጀታውን ጆሮሽ ላይ ታሳርፊያለሽ። የንብ ድምፅ ከሰማሽ ደህና ነው። ጠጠር ከሰማሽ ሳምንት ቀርቶታል።»

«ዝም ካለስ?»

«ዝም ካለማ ሞተሩን አላስነሳሽም።»

አሁን እሷም ሳቀች። ጥያቄው ግን ከራሷ የመጣ አልነበረም። አባቷ ቅዳሜ የሚቀመጥበት ፈተና ስድስተኛ ጥያቄ ነበር፤ ከትናንት በስቲያ በገዛ ጣቷ ተይባዋለች።

ዩኒቨርሲቲውና ሳሙና ፋብሪካው ከተፈራረሙ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ለፈጠራና ለክህሎት የሚውል የጋራ ፈንድ ተቋቋመ ተባለ። የፋብሪካው በር ላይ ባነር ተሰቀለ፤ ሁለት የተጨባበጡ እጆች ተሥለውበታል፣ ሁለቱም ንጹሕ። ነጭ ጋውን የለበሱ ተማሪዎች መጥተው አባቷ የሚጠግናቸውን ማሽኖች ፎቶ አነሱ። አንዱም ስሙን አልጠየቀውም። ከዚያ የብቃት ፈተና መጣ። ያለፈ አዲሶቹ ማሽኖች ላይ ይሠለጥናል። ሁለት ጊዜ የወደቀ ከጥገና ክፍል ወጥቶ ወደ ጭነት ይዛወራል፤ ካርቶን ተሸክሞ መኪና ላይ መጫን።

አባቷ አንዴ ወድቋል። ከሃምሳ አሥራ ስምንት። ውጤቱ ሲለጠፍ ስሙ ተበላሽቶ ስለተጻፈ ራሱን ለማግኘት ሰው እያየው ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ሥራ ያስለመዳቸው ሁለት ልጆች አልፈው ነበር። ቤት ገብቶ «ልጆቹ አለፉ» አለ እንጂ ስለ ራሱ ያወራው ነገር የለም። የእሱን ውጤት ለእናቷ የነገረቻት ጎረቤት ናት።

ልጅቷን ወደ ፈተናው ያስጠጋት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከዩኒቨርሲቲው አንዲት ወጣት መምህርት በየሳምንቱ ትምህርት ቤታቸው እየመጣች የሳይንስ ክበቡን ታስተምራለች። ያቺው መምህርት ፈተናውንም ታዘጋጃለች። ልጅቷ አማርኛ በፍጥነት እንደምትተይብ ስታይ ወደ ቢሮዋ ወሰደቻት። «የእኔ ተማሪዎች አማርኛ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ይተሳሰራል» አለቻት። ቀጥላም «እዚህ ያየሽው እዚህ ይቀራል፣ እሺ?» አለች።

«እሺ፣ ቲቸር።»

አባትሽ የት ነው የሚሠራው ብላ አልጠየቀቻትም። ልጅቷም አልተናገረችም። መምህሯ ጠረጴዛ ላይ የክረምቱ የቤተ ሙከራ ፎርም ተቀምጦ ነበር፤ ከትምህርት ቤታቸው ሁለት ተማሪ ብቻ ይገባል፣ የእሷ ስም ተሞልቷል፣ የቀረው ፊርማ ነው።

ስድስተኛው ጥያቄ አምልጧት ነው የወጣው። ከዚያ በኋላ ሁለት ግን አውቃ ጠየቀች።

«መንጋጋ ጨምዳጅስ?»

«እሱ የጥርስ ሐኪም ነው» አለ አባቷ።

ሣለችለት። «ሞርሳ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ብረት ሞርሳ ውስጥ እንዴት እንደሚታሰር፣ እንዳይላጥ በምን እንደሚደገፍ በሁለት መዳፉ አሳያት።

«ኃይል አስተላላፊ ቀበቶ?»

«ኃይለኛ አባት ልጁን የሚገርፍበት...» ብሎ ጀመረና አቆመ። ሥዕሉን አልጠበቀም። «ቺንጋ ነው አይደል?» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄ ባለፈውም ነበር። የሱሪ መስሎኝ ዘለልኩት።»

ከዚያ ቀና ብሎ አያት። ያየው መነጽሯን ሳይሆን ከመነጽሩ ጀርባ ያለውን ነው።

«ይሄ ነገር ከየት ነው የመጣው?»

ደብተሯን ዘጋች።

«የቅዳሜው ነው?»

እናቷ ቢላዋውን አስቀመጠች። አባቷ ተነስቶ ሁለተኛ ጊዜ መታጠብ ጀመረ፤ የታጠበውን እጅ።

«ስንቱን ጥያቄ ነው ያየሽው?» አለ ፊቱን ሳያዞር።

«ሃምሳውንም።»

ሌላ ምንም አልጠየቀም። አትንገሪኝ ግን አላለም። ሸሚዙን ለውጦ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ፤ ብቻውን።

«ስሚ» አለች እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አሁን ይሄ ምን ያስጨንቃል? ለአባትሽ እኮ ነው፤ ለባዳ መሰለሽ? ወገቡን አታውቂውም? አንድ ወር ካርቶን ቢሸከም ተኝቶ ነው የሚቀረው።»

«ቃል ገብቻለሁ፣ እማዬ።»

«ለማን? ለዚያች ለመምህርቷ? እሷ አባትሽን የት ታውቀውና!»

እውነት ነው፣ መምህርቷ አታውቀውም። ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ሃምሳውንም ጥያቄ በቃሏ መጻፍ እንደምትችል ታውቃለች፤ የተየበችው ነገር ከጭንቅላቷ አይወጣም። አንድ ገጽ ገነጠለችና በመሃሉ መስመር አሰመረች። መጀመሪያ በግራ በኩል ጥያቄዎቹን ልትጽፍ ነበር። አንድ ብላ ቁጥር ጻፈች።

ከዚያ በአባቷ ክፍል ያሉትን ሰዎች አሰበች። እሱ ሃምሳውን በቃሉ ይዞ ቢያልፍ፣ አጠገቡ የሚሠራው አንድ ዓይናው ሰውዬ አሁንም ኳስ-ተሸካሚን ሜዳ ዳር ይፈልገዋል። አባቷም ቢሆን አለፈ የሚባለው ባወቀው ነገር አይደለም። ያኔ ያገኘው አሥራ ስምንት ልኩ ነበር ማለት ይሆናል።

ቁጥሩን ሰረዘች። በግራ «ኳስ-ተሸካሚ» ብላ ጻፈች፣ በቀኝ «ኩሽኔታ»። «ውስጠ-ጥርስ ማሰሪያ»፣ «ዳዶ»። ያላወቀችውን በሥዕል ያዘችና ደጃፍ ወጣች።

«አባዬ፣ ይሄ ስሙ ማነው?»

«ይሄም ከዚያው ነው?»

«ጥያቄ አይደለም። ስም ብቻ ነው።»

ትንሽ አቅማማ። ከዚያ ጣቱን ሥዕሉ ላይ፣ በሁለት ብረት መሃል በሚገባው ስስ ማሸጊያ ላይ አሳርፎ «ጓርኒሲዮን» አላት። እየጠየቀችው ዝርዝሩ አሥራ ዘጠኝ ስም ሆነ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደች። መምህሯ ኮምፒውተሩን ከፍታ የመጀመሪያውን ገጽ እያየች ነበር። ልጅቷ ራሷ የተየበችው ርእስ በትልቁ ተጽፏል፦ በዩኒቨርሲቲው፣ ከፋብሪካው ጋር በመተባበር የተዘጋጀ።

«መጣሽ? ዛሬ እንጨርሰዋለን» አለች መምህሯ።

ልጅቷ አልተቀመጠችም። «ቲቸር፣ ሦስት ጥያቄ አባቴን ጠይቄዋለሁ። ስድስት፣ አሥራ አራት፣ ሠላሳ አንድ።»

መምህሯ ማውስ ላይ የነበረውን እጇን አነሳች። «አባትሽ ተፈታኝ ነው?»

«ባለፈው አሥራ ስምንት ያገኘው እሱ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቁኝም» አለችና ይህ ድፍረት መስሎ ስለተሰማት ጨመረች፤ «መናገር ነበረብኝ።»

መምህሯ የክረምቱን ፎርም አየችው። አላነሳችውም፣ አልቀደደችውም፣ አልፈረመችበትም። ሌላ ወረቀት ደረበችበት።

«ሦስቱን እቀይራለሁ» አለች። «የቀረውን ትየባ ሌላ ሰው ይጨርሰዋል። የክረምቱን ደግሞ... እንግዲህ ብቻዬን የምወስነው አይደለም። ይገባሻል አይደል?»

«ይገባኛል።»

መሄድ ትችል ነበር። ቦርሳዋን ከፍታ የተሰመረበትን ገጽ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«አባቴ ኳስ-ተሸካሚ ሲባል ሜዳ ላይ ኳስ የሚያቀብል ልጅ መሰለው። ስሥልለት ግን ግማሽ ሰዓት አስረዳኝ። ጥገና ክፍል የቆዩት ሁሉ እንደዚያው ናቸው። እዚያ የሚያወሩት በቀኝ በኩል ባለው ነው።»

መምህሯ ዝርዝሩን ወደ ታች አነበበች። አንድ ቦታ ላይ ፈገግ ልትል ብላ ተወችው።

«እኛ እኮ የውጭ ቃል እንዳይበዛ ብለን በንጹሕ አማርኛ ነው የተረጎምነው። ኩሽኔታ የሚል ቃል መዝገበ ቃላት ላይ የለም።»

«ፋብሪካው ውስጥ አለ።»

«ስንተረጉም የፋብሪካው አስተዳደር አይቶታል።»

«አስተዳደሩ ኩሽኔታ አይፈታም፣ ቲቸር።»

መምህሯ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። ተቆጥታ ይሁን እያሰበች፣ ልጅቷ መለየት አልቻለችም። «ተይልኝ፣ ጥሩ ነው» አለች በመጨረሻ። «ጊዜ ካለ ከጎኑ በቅንፍ አስገባዋለሁ። ቃል አልገባልሽም።»

ልጅቷ የመጀመሪያውን ገጽ እንደገና አየች። በመተባበር። ያንን ቃል ስንት ጊዜ ተየበችው! ከጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ አነሳች፣ ዝርዝሩ ሥር ሁለት መስመር ጻፈችና ገጹን ወደ መምህሯ ገፋችው።

«ጥያቄ ካለ እኔን ሳይሆን እሱን ይጠይቁት» አለች። «የጥገና ክፍሉ ስልክ ሥሩ አለ። ነገ እስከ አሥር ሰዓት ፈረቃ ላይ ነው።»

መምህሯ የተጻፈውን ታነብ ነበር። ልጅቷ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

በፋብሪካው በር ስታልፍ የፈረቃው ሰዎች እየወጡ ነበር። ባነሩ አንድ ጎኑ ተፈትቶ አንደኛው እጅ ታጥፏል። አባቷ ቦርሳውን አንግቶ መጣ፤ አያትና ፍጥነቱን ቀነሰ። ቅዳሜ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ፊቱ ላይ የሚታየው ፈተናው ብቻ ነው።

«እ፣ ፕሮፌሰር?»

«ሦስቱን ጥያቄ እንደጠየቅኩህ ለመምህሯ ነገርኳት። ይቀየራሉ። ሌላ አልነግርህም።»

ጎን ለጎን መሄድ ጀመሩ።

«ክረምቱስ? ያ የምትሄጂበት?»

«እንጃ።»

ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ነገ ስልክ ሊደወልልህ ይችላል» አለችው።

«ለእኔ? ማን ነው የሚደውልልኝ?»

«ኳስ-ተሸካሚዋ መምህርት። ስለ ቃላቱ ልትጠይቅህ ትችላለች። ዝርዝሩ ላይ ቃላቱን የሰጠው ብዬ ያንተን ስም ጽፌያለሁ።»

አባቷ ቆመ። ከኋላቸው የሚመጡት ሰዎች ተከፍለው አለፏቸው።

«አስተካክለሽ ጻፍሽው?» አለ።

«ከነአያትህ።»