የፔርሙዙ ሥር

አምለሰትና ጋሼ ወንድማገኘሁ መኪናዋን ከጫካው አፋፍ አቁመው ዳገቱን ሲያያዙት ጉሙ ገና አልገፈፈም። ጋሼ በስደት መጥተው ኮሊንግዉድ በሚባለው ሰፈር ፎቅ ላይ ከገቡ ጀምሮ በመስኮታቸው አሻግረው የሚያዩትን ይህን ተራራ ጉልበታቸው ጨርሶ ሳይከዳቸው ሊወጡት ይመኙ ነበር። ጎረቤታቸው አምለሰት የዕረፍት ቀኗን የሰጠችው ለዚሁ ነው።

ዝናቡ አልማራቸውም። መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ ከሰው በላይ ያደገው ቅጠል ፊታቸውን እየገረፈ ውሃ ያርከፈክፍባቸው ጀመር። ከወደቀ ግንድ ሥር ጥቁር እባብ ሲወጣ አምለሰት የጋሼን ክንድ ጨብጣ፣ ተሳቦ እስኪያልፍ ትንፋሿን ዋጠች።

ጥቂት አልፈው ሲያርፉ ጋሼ ፔርሙዛቸውን ከፈቱ። ለጉልበት የሚሆን ፉዚ የሚባል ሥር ነው አሏት፤ ከእሳቸው ቤት በታች የሚኖሩ ቻይናዊት አሮጊት ሰጥተዋቸው። ሴትዮዋ ለሰዓታት ሳይቀቅሉ እንዳይጠጡት ደጋግመው አስጠንቅቀዋቸው ነበር። እሳቸው ግን ጠዋት ቸኩለው የፈላ ውሃ ብቻ ገልብጠውበት መጡ። አንድ ኩባያ ጨልጠው ለእሷም ቀዱላት። አባት የሰጠውን መመለስ ነውር መስሏት ከንፈሯን ነካ አድርጋ አስቀመጠችው።

ብዙም ሳይሄዱ ምላሷ ደነዘዘ፤ ከንፈሯ ላይ ጉንዳን የሚርመሰመስ መሰላት። ዘወር ስትል ጋሼ ዛፍ ተደግፈው ያስመልሳሉ። አንገታቸውን ዳሰሰች፤ የልባቸው ምት ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይዘላል።

«መጠጡ ነው ጋሼ። ሥሩ መርዝ ነው።»

«ደርሰናል እኮ… ልውጣና ይለቀኛል» አሉ፤ ለመነሣትም ተፍጨረጨሩ።

ስልኳ ኔትወርክ የለውም። በጋሼ ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው አምለሰት ትከሻቸውን ይዛ መሬት ላይ መለሰቻቸው።

«ተኛ! እስክመለስ ንቅንቅ እንዳትል!»

ጃኬቷን ደርባላቸው ዳገቱን በእጅ በእግሯ እየቧጠጠች ወጣች። ጫፉ ላይ ጉሙ ተገልጦ ከተማው እስከ ባሕሩ ተዘርግቶ ነበር፤ እሷ ግን ዓይኗን ከስልኳ አልነቀለችም። መሥመሩ ሲገባላት ለድንገተኛ እርዳታ ደውላ የሥሩን ስም ፊደል በፊደል ነገረቻቸው። ከዚያ እየተንሸራተተች ወርዳ፣ ሄሊኮፕተሩ ገመዱን እስኪያወርድ የጋሼን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ በስማቸው ስትጠራቸው ቆየች።

ሆስፒታል ልትጠይቃቸው የገባች ዕለት ልባቸው ተረጋግቶ ነበር። ሐኪሞቹ፣ ጋሼ የጠጡት ምን እንደሆነ ቶሎ ማወቃቸው እንደበጀ ነገሯት።

«አንተ አልሽኝ» አሉ ጋሼ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

መሬት ብትውጣት በወደደች። ይቅርታ ልትል ስትጀምር አቋረጧት።

«ተይው ልጄ። አንቱ ብለሽ ብትለምኚኝ ኖሮ ተነሥቼ እወጣ ነበር።»

ነርሷ ኪኒን ስታመጣ ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አምለሰት የውሃውን ብርጭቆ አነሣች።

«ይዋጡት፣ ጋሼ» አለች፤ አልጮኸችም፣ አልለመነችምም።

ዋጡት።