ብርሃኑ የማን ነበር

ሬሳው በደረቱ ተደፍቶ ከቋጥኞቹ መሃል ተወሽቆ ነበር። ከላይ፣ ከቤቱ ሰገነት ላይ፣ ካሜራው በሦስት እግሩ ቆሞ ባሕሩን ያያል። ሟቹ ፁኩዳ ይባላል፤ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው፣ የውበት ቪዲዮ ቀራፂ። ታሪክ የለ፣ ንግግር የለ፤ አንዲት ቆንጆ ልጅ በዋና ልብስ ባሕር ዳር ስትሄድ፣ በስስ ቀሚስ መስኮት አጠገብ ስትቆም፣ ዞር ብላ ስታይ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የቀረፀው ይህንኑ ነው። ነገር ግን እሱ የቀረፀው ቆዳ ከውስጥ መብራት የበራበት ይመስል ነበር። የሙያ ጓደኞቹ «የፁኩዳ ብርሃን» ይሉታል። ሲሉትም ጥርሳቸውን ነክሰው ነው።

ኢንስፔክተር ሞቺዙኪ ጉልበቷን እያሻሸች ከቋጥኙ ወደ ሰገነቱ ወጣች። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። አብሯት የመጣው ወጣቱ መርማሪ ኩጋ በመጪው ወር አለቃዋ ይሆናል፤ ሥራውን ያስተማረችው ግን እሷ ናት። እሰይ ብላ መርቃዋለች፤ ሆዷ አልመረቀም።

«አድጦት ይሆን?» አለ ኩጋ።

«የሰገነቱ ግንብ ከጉልበት አይበልጥም። ማታ ዘንቧል፤ ድንጋዩ ሁሉ የሚያዳልጥ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል። ሊያድጠው ይችላል፤ የሚገፋውም ሰው ቢኖር አይደክምም።»

ቤቱ የኢዙ ባሕር ዳር ላይ ብቻውን የቆመ ነው። ጠዋት በውስጡ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው፦ መብራት ሠሪው ኢዋሴ፣ ሜካፕ ሠሪዋ ካያኖ፣ የምትቀረፀው ልጅ ሆናሚ፣ እና ቤቱን የሚጠብቁት አሮጊት፣ እማማ ኢናባ። ሞቺዙኪ ሬሳውን ካገኘው ሰው ጀመረች።

ኢዋሴ ከሟቹ ጋር እኩያ ነው። ጣቶቹ በመብራት ሙቀት ተጠብሰው ጠባሳ ይዘዋል።

«ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ፎቅ ላይ ነበርኩ፤ መስኮቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ስወጥር። እማማ ኢናባ መሰላሉን ይዘውልኝ ስለ ምራታቸው ሲያወሩ ነበር። አንዴም አላረፉም፤ ይጠይቋቸው። ፁኩዳን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት አሥራ ሁለት ከአሥር ላይ ነው፣ ካሜራውን ሲከፍት። ከዚያ ጨርቁ መስኮቱን ሸፈነው።»

«ትዋደዱ ነበር?»

«ብርሃኑን የምሠራው እኔ፣ ስሙ የእሱ። እቀናበት ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ? የቀና ሁሉ ከገደለማ በዚህ ሙያ አንድም ሰው ባልተረፈ ነበር።»

አሮጊቷ ቃሉን አጸኑለት። የምራታቸውንም ታሪክ ከመጀመሪያው ሊደግሙላት ሲሉ ኩጋ በጨዋነት ገላገላት።

ሆናሚ ሰፊ የቤት ካባ ለብሳ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ለብቻዋ የምትወጣበት የመጀመሪያ ቪዲዮዋ ነው።

«ትናንት ማታ ጮኸሽበታል አሉ።»

«ጮኼበታለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ብትሞት ይሻለኛል ብዬ።» እንባዋ መጣ። «አንገትሽን እንደ እሷ አድርጊ፣ እንደ እሷ ዞር በይ ይለኛል። እኔን አያየኝም። የሚያየው ሌላ ሴት ነው፤ ማን እንደሆነች እንኳ አልነገረኝም። በማላውቃት ሴት ቀናሁ፤ ምን ላድርግ?»

«ዛሬ ጠዋትስ የት ነበርሽ?»

ልጅቷ ወደ በሩ ተመለከተች። «ከእትዬ ካያኖ ጋር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀሰቀሰችኝ፤ ከዚያ ገላዬን ስትቀባኝ ቆየች።»

ካያኖ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራ ወፍራም መነጽር አድርጋለች። እየተናገረችም ብሩሾቿን አንድ በአንድ ትጠርጋለች።

«አዎ፣ አብሬያት ነበርኩ። ገላ መቀባት አንድ ሰዓት ይፈጃል» አለች። ሌላ ብሩሽ አነሣች። «ብቻ መሃል ላይ ውሃ ላፈላ ወጥቼ ነበር፤ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ስመለስ ልጅቷን ቆማ አገኘኋት። ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር፤ ገና ልጅ ናት።»

ኩጋ ከክፍሉ ሲወጣ ፊቱ በርቷል። «አሥር ደቂቃ ይበቃል። ማታ ሞቱን ተመኘች፣ ጠዋት ገፋችው። ጣቢያው እስከ ምሳ መልስ ይፈልጋል፤ ልጅቷን እንውሰዳት።»

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። እስከ ምሳ ታገሠኝ። ከመጪው ወር ወዲያ አንተ ታዘኛለህ።»

ከአፏ ሲወጣ ምሬቱን ራሷ ሰማችው፤ አፈረችም። የሆነ ሆኖ ካያኖ አልጣመቻትም። በአንድ እጇ ልጅቷን ትሸፍናለች፣ በሌላው ትገልጣታለች። ሆናሚ ደግሞ አንዴ ታስራ ስሟ ጋዜጣ ላይ ከወጣ፣ ነጻ ብትባል እንኳ ማንም ካሜራ ፊት አያቆማትም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

ሞቺዙኪ ኢዋሴን ወደ ሰገነቱ ጠራችው።

«ይህ ካሜራ ሰውዬው ሲሞት እየቀረፀ ነበር?»

«ሳይቀርፅ አይቀርም። እኔ ነኝ በኋላ ያጠፋሁት።»

«ታዲያ ገዳይ ካለ እንዴት ትቶት ሄደ?»

«ቀይዋን መብራት በጥቁር ፕላስተር እንሸፍናታለን፤ ቆዳ ላይ ነጸብራቅ ትጥላለች። ሲቀርፅና ሳይቀርፅ አይለይም። ድምፅ ግን አይጠብቁ፤ ኋላ ሙዚቃ ስለሚገባበት ድምፅ አንቀርፅም።»

ምስሉን ከፈተላት። ባሕር ብቻ ነው፤ በስስ ጭጋግ የተሸፈነ፣ ወተት የመሰለ ባሕር። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ምስሉ ነጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ጠፋ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመለሰ። አሁን ግን እያንዳንዱ ሞገድ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጭጋጉ የለም።

ኢዋሴ ፊቱ ዓመድ መሰለ። «ሐሩን ወስደውታል።»

«የምን ሐር?»

«የፁኩዳ ብርሃን የሚሉት እኮ እሱ ነው። ከሌንሱ ጀርባ የተወጠረ ጥቁር የሐር ስቶኪንግ። ቆዳን የሚያለዝበው እሱ ነው። ሌንሱ ካልተነቀለ አይታይም፤ የምናውቀውም ሦስት ሰዎች ነን።»

«ፁኩዳ፣ እርስዎ…»

«እና የሐሩ ባለቤት።» ከታች፣ ከወጥ ቤቱ፣ ሲኒ የምታጥብ ሴት ድምፅ ይሰማል። ኢዋሴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ሱዙና የምትባል ልጅ ነበረች። መስኮት አጠገብ ቆማ ዞር ስትል የቀረፃት ቪዲዮ ነው ፁኩዳን ፁኩዳ ያደረገው። ስቶኪንጉን ከእግሯ አውልቃ የሰጠችው እሷ ናት። በኋላ ሥራውን ተወች፤ መነጽር አደረገች፣ ብሩሽ ያዘች። ካያኖ እውነተኛ ስሟ ነው።»

ኩጋ ራሱን ነቀነቀ። «ሁለቱ ሴቶች ግን አንድ ላይ ነበርን ይላሉ። ካያኖ ገላ ስትቀባ ከነበረች እዚህ ልትሆን አትችልም። የሚቀረው ያ አሥር ደቂቃ ነው፤ እሱም የእሷ ብቻ ሳይሆን የልጅቷም ነው።»

ሞቺዙኪ ለኢዋሴ «ልጅቷን ዛሬ ጠዋት በዓይንዎ ያዩዋት መቼ ነው?» አለችው።

«አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ። ጨርቁን ልሞክር ብዬ መስኮቱ ጋ አቆምኳት፤ በትንሿ ካሜራ ቀርጫታለሁ። ካያኖ ያኔ እጇን ልትታጠብ ሄዳ ነበር።»

ይህንንም አዩት። ሆናሚ እያዛጋች በብርሃኑ ውስጥ ቆማለች። ጉንጯ ላይ የትራስ መስመር አለ። ካባዋን ሰብሰብ ስታደርግ ባቷ ታየ፤ ዙሪያውን የሹራብ ጥልፍ የመሰለ ቀይ ምልክት ሰምጦበታል።

ኢዋሴ ሬሳውን ሲያይ እንኳ እንዲህ አልደነገጠም። «ካልሲ! በቀረጻ ዋዜማ ካልሲ አድርጋ ተኝታለች! ኢንስፔክተር፣ በእኛ ሥራ ቀረጻ ሊሆን ሲል ካልሲ አይደረግም፣ ሰዓት አይታሰርም፣ ጠባብ ልብስ አይለበስም፤ በጉንጭ ተደፍቶ መተኛት እንኳ ነውር ነው። አንድ መስመር እስኪጠፋ ሲጠበቅ የጠዋቱ ብርሃን ያመልጣል። ካያኖ በእጅ ሰዓት ምልክት ሰው ወደ ቤቱ የምትመልስ ሴት ናት።»

ሞቺዙኪ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የራሷን ካልሲ አወለቀች፤ እማማ ኢናባ ያመጡላትን የገብስ ሻይ እየጠጣች ባቷን ትመለከት ጀመር። ኩጋ ገና አለቃ ሳይሆን ያበደች ሴት የወረሰ መሰለው። ሻይዋን ጨርሳ ሌላ እስክትደግም ምልክቱ ደበዘዘ፤ ግማሽ ሰዓት ሲሞላው ጭራሽ ጠፋ። ተነሥታ አሮጊቷን አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፣ የሆናሚን ክፍል አየች፣ ከዚያ ሁሉንም ነጩ ጨርቅ በተወጠረበት ክፍል ሰበሰበች።

«ፁኩዳን አላደጠውም» ብላ ጀመረች። «ሐሩ በኪሱም በሰገነቱም የለም፤ የወደቀ ሰው ደግሞ ተመልሶ ሌንስ አይነቅልም። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሰው ሌንሱን ነቅሎ ሐሩን ወሰደ፣ መልሶም ገጠመው። ስለ ሐሩ የሚያውቁት ሦስት ናቸው። አንዱ ሞቷል። ኢዋሴ መሰላል ላይ ነበሩ፣ እማማ ኢናባ ይመሰክራሉ። የሚቀሩት ወይዘሮ ካያኖ ናቸው።»

«እኔ ገላ ስቀባ ነበርኩ» አለች ካያኖ፣ ብሩሿን ሳታስቀምጥ።

«ይህን ይመልከቱ።» ምስሉ ተከፈተ። ሞቺዙኪ በጣቷ ባቱን አሳየች። «አንድ ሰዓት ሙሉ የተቀባ ገላ ይህ ነው? የካልሲ ምልክት በግማሽ ሰዓት ይጠፋል፤ በራሴ እግር ሞክሬዋለሁ። ይህ ግን አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ገና ሰምጦ ይታያል። ልጅቷ ከአልጋዋ የወረደችው ያኔውኑ ነው። እርስዎ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገብተው ቢሆን ኖሮ ያን ካልሲ በጥርስዎ ያወልቁት ነበር።»

«ካልሲ አድርጋ ወጥታ ገፍታው ቢሆንስ?» አለ ኩጋ።

«ካልሲውን የሰጧት እማማ ኢናባ ናቸው፣ ማታ ብርድ አልችልም ስትላቸው። አልጋዋ ውስጥ አገኘሁት፤ ነጭ ሱፍ ነው። ሰገነቱ በዝናብና በሽበት ጨቅይቷል፣ ካልሲው ግን ደረቅና ንጹሕ ነው፤ ጫማዋም እንዲሁ። ባዶ እግሯን ወጥታ ቢሆን ደግሞ ይህ ምልክት አይኖርም ነበር።» ወደ ሆናሚ ዞረች። «ልጄ፣ ለምን ዋሸሽ?»

ሆናሚ አንገቷን ደፋች። «አንድ ሰዓት ላይ ገብታ ስትቀሰቅሰኝ ካልሲውን አየችው። የምታባርረኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ራሴን ዳበሰችኝ። ‹ማንም አይወቅብሽ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀስቅሻታለሁ እላለሁ› አለችኝ። እንዴት ያለች ደግ ሴት አልኩ።» ድንገት ቀና ብላ ካያኖን አየቻት። «እትዬ፣ ልታሳስሪኝ ነበር?»

ካያኖ የብሩሾቿን መጠቅለያ ፈታች፤ ከሥሩ ጥቁሩን ሐር አወጣች።

«የእኔ ነው» አለች። «ልጅቷን ቀቢልኝ አለኝ፣ ቀባሁለት። አንገቷን እንደ እኔ ሲያስዞራት ቆሜ አየሁ። ብርሃኔን ሲያለብሳት ግን ቆሽቴ አረረ። ዛሬ ጠዋት ወርጄ መልስልኝ አልኩት። ሳቀብኝ። ‹ያኔም ውብ የነበረው ብርሃኑ እንጂ አንቺ አይደለሽም› አለኝ። ከዚያ የሌለሁ ይመስል ከካሜራው ጎን በግንቡ ላይ ጎንበስ ብሎ ባሕሩን ያይ ጀመር።»

ሆናሚ እያለቀሰች ነው፤ እማማ ኢናባ ሄደው ትከሻዋን አቀፉ። ኩጋ ለሞቺዙኪ በዝምታ አጎንብሶ እጅ ነሳት፤ ወደ ካያኖ ሲራመድ ኢዋሴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ካያኖ፣ ያቺ የመስኮቷ ቀረጻሽ፣ ዞር የምትይባት…»

«ምን ሆነች?»

«ያን ቀን ጠዋት ሐሩ ተቀዶ ነበር። የጠገንነው በማግሥቱ ነው። የተቀረፅሽው ያለ ምንም ነው፤ ብርሃን የለ፣ ሐር የለ፣ የመስኮቱ ፀሐይና አንቺ ብቻ። ሰው ሁሉ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የሚያወራላት ያቺን ነው።»

ካያኖ መነጽሯን አወለቀች። ያለ መነጽር ፊቷ የሌላ ሰው ፊት ነበር፤ ሆናሚ ማልቀሷን አቁማ አፍጥጣ አየቻት፣ ያቺ የማታውቃት ሴት ማን እንደነበረች አሁን ገብቷታል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ፁኩዳ አትንገራት አለኝ። ካወቀች ሌላ ቀራፂ ጋ ትሄዳለች ብሎ ቀና። እኔም እንጀራዬን ፈርቼ ዝም አልኩ።»

ካያኖ ሐሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ኩጋ ለማስረጃ በጥንቃቄ ከፕላስቲክ ከረጢት ሲያስገባው ዞር ብላ እንኳ አላየችውም፤ ጫማዋን አድርጋ ከሁሉም ቀድማ ወጣች።