የውሰት መሐላ

«አየኋት! ማርያምን፣ አየኋት! እዚያች ድንጋይ ላይ አረፍ ብላ ቱር አለች!»

ሂንድ ይህን ስትጮህ የተፈጥሮ ክበቡ ተማሪዎች በሙሉ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለው የጅባራ ተክል ሥር ወዳለው ድንጋይ ዞሩ። ጋሽ ተክሌ አቅራቢ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው ለማድረስ ሲጣደፉ ማንገቻው ጆሯቸው ላይ ተጠመጠመባቸው።

«የቷ? የገደሏ?» አሉ።

«የገደሏ ነቻ! ትንሽ፣ ቡናማ፣ ደረቷ ዝንጉርጉር። ልክ እርስዎ እንደነገሩን!»

ጋሽ ተክሌ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። ወፍ ለማየት ላሊበላ ድረስ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ እሳቸውን ሳይዝ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ አይወጣም። ዛሬ ደግሞ የቀድሞ ትምህርት ቤታቸውን ልጆች ይዘው ወጥተዋል። በዚህ ተራራ ላይ የሚበረውን ሁሉ በድምፁ ይለዩታል፤ አንዲት ወፍ ማየት ብቻ እስከ ዛሬ አልቀናቸውም። ድንቢጥ የምታክል፣ የገደል አፋፍ የምትወድ ወፍ ናት። መጽሐፍ ላይ ረጅም ስም አላት፤ እሳቸው ግን እንደጠፋች ፍየል «የገደሏ» እያሉ ይፈልጓታል።

«ማን አብሮሽ አየ?» ሲሉ ጠየቁ። የጋሽ ተክሌን ሕግ የማያውቅ የክበብ አባል የለም፤ የአንድ ሰው ዓይን ወሬ ነው፣ የሁለት ሰው ዓይን ነው ምስክር።

ሂንድ ንጋትን በክርኗ ጎሰም አደረገቻት።

ንጋት ያየችው ጅባራውንና ድንጋዩን ነው። ድንጋዩ ላይ ምንም አልነበረም። ነገር ግን የዕለቱን ምርጥ ወፍ የሚያገኙ ሁለት ተማሪዎች ከወፍ ወዳጆች ማኅበር ጋር ወደ ጣና ደሴቶች ሊሄዱ ነው። ንጋት ደግሞ እስከ ዛሬ ያየችው ትልቁ ውሃ ተከዜ ነው፤ እሱንም በበጋ። ጠዋት ዳገቱን ሲወጡ ጋሽ ተክሌ ስለ ደሴት አጫውተዋቸው ነበር። «ደሴት ላይ የቀረች ወፍ መሄጃ ስለሌላት ሌላ ቦታ የማትገኝ ዓይነት ሆና ትቀራለች። ይሄ ተራራችንም ደሴት ነው፤ ውሃው ቆላው ነው» ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ንጋት የምታስበው ጀልባ ላይ ተቀምጣ ነው።

«ወላሂ አይቻታለሁ» አለች።

ቃሉን ራሷ የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ሂንድ እርሳስ ቢጠፋባት «ወላሂ!» ነው የምትለው፤ ንጋት ደግሞ ሻይ አቃጠለኝ ለማለት እንኳ ማርያምን ትጠራለች። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ሲቀመጡ ሻርፕ ተዋውሰዋል፣ የቤት ሥራ ተዋውሰዋል፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ሳሏን ሳይቀር ተውሳለች። መሐላ ግን ተዋውሰው አያውቁም ነበር። የዛሬው የመጀመሪያቸው ነው።

ጋሽ ተክሌ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። ከዚያ ካፖርታቸውን አወለቁና ንጋት ትከሻ ላይ ጣል አደረጉላት።

«ዓይናችሁ ይባረክ! ይቺ ልጅማ ብርድ እንዳይነካት። እኔ ይሄን ገደል ስቃኝ ፀጉሬ ሸበተ፣ እናንተ ደግሞ በአንድ ጠዋት! በሉ ልጆች፣ ሁላችሁም ተኙ፤ ትመለሳለች። ድምፅ እንዳልሰማ!»

ሁሉም ጓሳ ሣሩ ላይ በሆዳቸው ተኙ። ነፋሱ ከገደሉ ሥር ሽቅብ ይገርፋል። ምሳ ሰዓት መጣ፣ ምሳ ሰዓት አለፈ፤ ወፍ የለም። ካፖርቱ ይሞቃል፤ ንጋት ግን እንደዚያ ቀን በልብስ ተጨንቃ አታውቅም። ብታወልቀው «ምነው?» ይሏታል፣ ብትለብሰው ያቃጥላታል።

«አፍሬያለሁ» አለች በሹክሹክታ።

«አታካብጂ በናትሽ!» አለች ሂንድ። «እኔ ወላሂ አላልኩም፤ ስለዚህ አይቆጠርብኝም። አንቺም ማርያምን አላልሽም። ተጣጣን።»

«ማን ዘንድ ነው የማይቆጠረው?»

ከኋላቸው ጩኸት ተነሣ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ወፍራም ቁራ ከክበቡ ልጆች የአንዱን፣ የኢያቄምን ዳቦ ከነፌስታሉ ይዞ ሲንደረደር ኢያቄም ድንጋይ አንሥቶ ተከተለው።

«ተው! እንዳትወረውር!» ጋሽ ተክሌ ጮኹ። «እሱ እኮ ከእኛና ከጎረቤቶቻችን አገር በቀር የትም አይገኝም። ብርቅዬ ነው!»

«ይሄ ሌባ?» አለ ኢያቄም ፌስታሉን በዓይኑ እየሸኘ። «ይሄ ብርቅዬ ከሆነማ የእኛ ሰፈር ሥጋ ቤት ብሔራዊ ፓርክ ነዋ!»

ፀጥታው በሳቅ ፈረሰ፤ ጋሽ ተክሌም አብረው ሳቁ። ከመሬት ተነሥተው ሣሩን ከሱሪያቸው እያራገፉ ስልካቸውን አወጡ።

«በቃ፣ ለዛሬ ሸሽታናለች። እዚያ ጉብታ ላይ ኔትወርክ አለ፤ ለምንይችል ልደውልለት። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። ይሄን ሲሰማ ካሜራውን ይዞ ነገ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከች ይላል!» አሉና በሸሚዝ ብቻ ዳገቱን ተያያዙት። የሚሄዱት እንደ ሽማግሌ አልነበረም፤ እየዘለሉ ነበር።

ንጋት ጀርባቸውን አየች። አንድ ሽማግሌ ብርድ ላይ ማስተኛቱ ሳያንስ፣ አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባዶ ድንጋይ ሊያይ ሊመጣ ነው። ብድግ አለች።

ሂንድ የካፖርቱን ጫፍ ያዘቻት። «ወዴት ነው? ንጋት! ከሄድሽ ጣናን እርሺው በቃ!»

ንጋት ጀልባዋን አሰበቻት። አሳዘነቻት፤ ከልቧ አሳዘነቻት። ካፖርቱን አወለቀችና ወደ ጉብታው ሮጠች።

ስትደርስ ጋሽ ተክሌ ስልኩን ወደ ሰማይ ሰቅለው አንድ ሁለት የኔትወርክ መስመር እየለመኑ ነበር።

«ጋሽ ተክሌ፣ ይቆዩ። አይደውሉ።» ትንፋሽ አጥሯታል። «እኔ አላየኋትም።»

እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ሲጠፋ ንጋት ቆማ አየችው፤ ዓይኗን መመለስ ፈለገች፣ ግን አልመለሰችም። ካፖርቱን ዘረጋችላቸው።

«ወላሂ ነበር ያልሽው አይደል?» አሉ ጋሽ ተክሌ።

«አዎ።»

«ሰምቼሻለሁ። የመምሬ ገብረ ዮሐንስ ልጅ ወላሂ ስትል፣ የእነ ሐምዳን ልጅ ማርያምን ስትል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ወሎ ነው፤ እንደዚያ ያለ የውሰት መሐላ ለምን እንደሚማል ይጠፋኛል?» ካፖርቱን ለበሱ፤ ለብርዱ ሳይሆን እጃቸውን የሚያደርጉበት ያጡ ይመስሉ ነበር። «ግን ወፏ ብትሆንልኝ ብዬ ጆሮዬን ደፈንኩት። እንግዲህ ያየነው ቁራ ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ሂንድስ? አይታታለች?»

ንጋት ወደ ታች ተመለከተች። ሂንድ ብቻዋን ጅባራው ሥር ቆማ ወደ እነሱ አንጋጣለች።

«እኔ የነገርኩዎት የራሴን ዓይን ነው» አለች። «የሷን ዓይን እሷን ይጠይቋት።»

ጋሽ ተክሌ ጉብታው ላይ ተቀመጡ። አልጠሯትም። ስልኩን እጃቸው ላይ እንደያዙ ቆላውን ያዩ ጀመር።

ንጋት ወርዳ ከሂንድ አጠገብ ተቀመጠች። ሂንድ ፊቷን አዞረችባት።

«ስለኔ ምን አልሻቸው?»

«ምንም።»

«ጣናን አስቀረሽን እኮ።»

«አዎ» አለች ንጋት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አልደበቀችውም። «እኔም በጣም ፈልጌው ነበር።»

ሂንድ ሣር ነቀለች፣ በጣቷ ጠቀለለችው፣ ጣለችው። ከወዲያ ኢያቄም ለቁራው የስድብ ዓይነት እያማረጠ ሌሎቹን ያስቃል።

«ደውለዋል?» ስትል ጠየቀች።

«አልደወሉም።»

«ተቆጡ?»

«አልተቆጡም። ተቀምጠው ቆላውን እያዩ ነው።»

 ሂንድ ተነሣች፣ ሻርፗን አስተካከለች፣ ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን ጓሳ አራገፈች። «ፋራ» አለቻት ንጋትን፤ ለንጋት ግን እንደ ስድብ አልተሰማትም። ከዚያም ብቻዋን ወደ ጉብታው መውጣት ጀመረች።