ጨርቅ የለበሰው ቴሌቪዥን

ኦቦ ኢቲቻ ሞቱ ሲባል ሱሉልታ ውስጥ የተገረመ ሰው አልነበረም። አስሙ ዓመታት አሰቃይቷቸዋል፤ ከክረምቱ ወዲህ ደግሞ ከአልጋ ወርደው አያውቁም። የሱሉልታ ብርድ እንደሆነ ለሳንባ አይራራም። የጤና ጣቢያው ሐኪም ግን አስከሬኑን ሊያይ መጥቶ ከንፈራቸውን ገለጥ ቢያደርገው፣ ውስጡ በገዛ ጥርሳቸው ተተልትሎ አገኘው። አፍንጫቸው ውስጥም የጋቢ ክር ነበር። «ይሄ የአስም ሥራ አይደለም» ብሎ ፖሊስ አስጠራ።

እሑድ ጠዋት ኢንስፔክተር ራያ አብዶ ደረሰች። ድንኳን ተተክሏል፤ ለቀስተኛው ተሰብስቧል፤ ቀብሩ ግን ታግዷል። ራያ የባለሱቅ ልጅ ናት። ባንኮኒ ጀርባ ያደገ ሰው ከሚያወራው አፍ ይልቅ የማያወራውን እጅ ማየት ይለምዳል፤ ይህ ልማድ ባል አስኮርፎባታል፣ አለቆቿን ግን ጠቅሟል።

መኝታ ቤቱ ውስጥ ሁለት ነገር አየች። የሟቹ ውስጥ እግር አፈር ነክቷል። ከዘራቸው ደግሞ አልጋው ላይ፣ አጠገባቸው ተጋድሟል።

ከመኝታ ቤቱ ወደ ሳሎን የሚያወጣው አንድ በር ብቻ ነው፤ በመካከሉ ያለው ግድግዳ ጭቃ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ትልቁ ቴሌቪዥን ነጭ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። ሐዘን ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትምና ራያም ዞር ብላ አላየችው።

ኦቦ ኢቲቻ በሞቱበት ቅዳሜ ምሽት ቤቱን የረገጡት አራት ሰዎች ናቸው፦ የሟቹ ሚስት አዴ ተረፈች፣ ታላቅ ልጃቸው ገመቺስ፣ የገመቺስ ሚስት ጂጂ፣ ግቢው ውስጥ ተከራይቶ የሚኖረው ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ሰላሃዲን። ከጂጂ በቀር ሁሉም የተሰበሰቡት «ሳቅ በዙር»ን ለማየት ነበር፤ ታዋቂ ሰዎች በሁለት ቡድን ተቀምጠው እርስ በርስም በራሳቸውም የሚቀልዱበት፣ ቀድሞ ተቀርጾ ቅዳሜ የሚተላለፍ ፕሮግራም ነው። የዚያን ቀን እንግዳ የቤቱ ታናሽ ልጅ ቢኒ ነበር፤ አዲስ አበባ ገብቶ ኮሜዲያን የሆነው። እናቱ ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም፤ ጎረቤቱ ሰላም ሊላቸው እስኪፈራ ድረስ «ቅዳሜ እንዳትረሱ» ይሉ ነበር።

ራያ በገመቺስ ጀመረች።

«ከአባትህ ጋር ትጣላ ነበር አሉ።»

«ያልተጣላው ማን አለ? አባቴ መሬቱ ለቪላ ከተወሰደ ወዲህ ከፀሐይዋም ጋር ይጣላ ነበር።»

«ከቢኒስ ጋር?»

ገመቺስ ከንፈሩን አጣመመ። «ላሞቹን የማልበው እኔ፣ የሚጨበጨብለት እሱ። ትናንት ምን እንዳወራ ሰምተዋል?»

«ንገረኛ።»

«አባቴ መሬቱ ሲወሰድ ትንሽ ነካ አድርጎት ነበር። ጠዋት ጠዋት ተነስቶ የድሮ እርሻው ላይ፣ አስፋልቱ መሃል ይቆማል። በከዘራው ሚኒባሶቹን ‹ውጡ ከእህሌ!› እያለ ያባርራል። ጎትተን ነበር የምናስገባው። ቢኒ ይህንን አወራው። እያስመሰለ፣ በአባቴ ድምፅ። እዚያ የተቀመጡት ዝነኞች ሳቁ፣ አንዷ ተዋናይት እንባዋን ጠረገች።»

«አባትህ ሰሙት?»

«በዚህ ግድግዳ? ሰፈሩ ሲስቅም ሰምቷል።»

«አንተስ ሳቅህ?»

ገመቺስ መሬት መሬት አየ። «ሳቅሁ። ከዚያ አፈርኩና ወደ ላሞቹ ወጣሁ። የተመለስኩት ጂጂ ስትጮህ ነው።»

«ከዘራቸው የት ነበር የሚቀመጠው?»

«በሩ ኋላ። መራመድ ካቆመ ምን ያደርግለታል?»

«ሳይራመዱስ ይይዙታል?»

ገመቺስ ትንሽ አሰበ። «ሽማግሌ ሲመርቅ ከዘራውን ይዞ ይቆማል። ሲራገምም እንደዚያው።»

ሰላሃዲንን ግቢው ውስጥ አገኘችው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባዳ እሱ ብቻ ነው ብሎ በዓይኑ ሲበላው አድሯል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ወላሂ እህቴ፣ ከክፍሌ ሌላ የትም አልሄድኩም። የመግሪብ ሶላት ደረሰ፣ ክፍሌ ሰግጄ ተመለስኩ። ያየኝ ሰው ግን የለም።»

«ስትወጣ ማን ቀረ?»

«እናታችን ብቻቸውን። ቢኒ ገና እያወራ ነበር። ስመለስ ፕሮግራሙ ገና አላለቀም፣ ቴሌቪዥኑ ግን ጠፍቶ ጨርቅ ለብሷል። መብራት ሄደ እንዴ ብዬ ቀና ስል አምፖሉ ይበራል። ‹ራሴን አመመኝ› አሉኝ። ክፈቱልኝ ማለት አፈርኩና ቁጭ አልኩ።»

«ያኔ ኦቦ ኢቲቻ መሞታቸው ታውቆ ነበር?»

«የለም። ጂጂ ወተት ይዛላቸው የገባችው ከዚያ በኋላ ነው።»

ራያ አመስግናው ጥቂት ቆመች። የቀረው ጥያቄ አንድ ነበር፣ ባትጠይቀው ደግሞ ደስ ባላት።

ጂጂ ፕሮግራሙን ጎረቤታቸው ደጊቱ ቤት ስታይ ቆይታ ነበር፤ ደጊቱም አረጋግጣለች። የጂጂ ዓይን በለቅሶ አብጧል።

«ጂጂ፣ አማትሽ ራሳቸውን ሲያማቸው ምን ያደርጋሉ?»

«ሻሽ ጠበቅ አድርገው አስረው ጋደም ይላሉ።»

«ቴሌቪዥን ያስጠፋሉ?»

«እሳቸው? እየጮኸ ነው እንቅልፍ የሚወስዳቸው! አጥፍተው ያየሁት የደጊቱ ባል የሞተ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ አርባው እስኪወጣ ጨርቅ አልብሰውት ከረሙ። ቢኒ ለበዓል ሲቀርብ እንኳ ‹ሰው ሞቶ ሳቅ?› ብለው አላስከፈቱንም።»

ራያ አራቱንም ሳሎን ሰበሰበች። አዴ ተረፈች ወለሉ ላይ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀዋል።

«አዴ ተረፈች፣ አንድ ጊዜ ይስሙኝ» አለች ራያ ቁጭ ብላ። ቆማ ልትናገር አልደፈረችም። «ኦቦ ኢቲቻ ውስጥ እግራቸው አፈር ነክቷል። ወራት ያልቆሙ ሰው ትናንት ቆመዋል። ከዘራቸውንም ከበሩ ኋላ አንስተዋል። ሊሄዱ አልነበረም፤ የት ይደርሳሉ? ልጃቸው በቴሌቪዥን ሲቀልድባቸው፣ አገር ሲስቅባቸው ሰሙ። ሊራገሙ ነው የቆሙት።»

ገመቺስ ቀና አለ።

«የገደላቸው ሰው አፋቸውን ነው ያፈነው። ስለዚህ ማን ነው ያ እርግማን የሚያስፈራው? አልኩ። ገመቺስ ወንድሙ ቢረገም እንቅልፍ አያጣም። ሰላሃዲን ቢኒን በአካል አይቶት አያውቅም። ጂጂ ደጊቱ ቤት ነበረች።»

«ምን ማለትዎ ነው?» አለ ገመቺስ ከመቀመጫው ተነስቶ።

«ተቀመጥ። ይሄ ጨርቅ ትናንት የለበሰው አስከሬኑ ከተገኘ በኋላ አይደለም። ሰላሃዲን ከሶላት ሲመለስ ለብሶ ነበር። ቢኒ ገና ወሬውን ሳይጨርስ፣ እናቱ ሳምንቱን ሙሉ የጠበቁት ልጅ እያወራ፣ ተዘጋ። ራስ ምታት ነው እንዳይባል፣ ጂጂ እሳቸው በራስ ምታት ቴሌቪዥን እንደማይዘጉ ነገረችኝ። እሳቸው የሚዘጉት ሰው ሲሞት ነው።» ራያ ወደ አዴ ተረፈች ዞረች። «በዚያ ሰዓት በዚህ ቤት ውስጥ ሰው መሞቱን የሚያውቀው የገደለው ብቻ ነበር። አዴ ተረፈች፣ ሬሳ ባለበት ቤት ሳቅ እንዲሰማ አልቻሉም።»

ገመቺስ እናቱን አየ፤ «እማዬ፣ ውሸት ነው በያት» አለ።

«ተዋት ልጄ» አሉ አዴ ተረፈች። «እውነቷን ነው።»

እንባ አልነበራቸውም። የሚናገሩትም ለራያ ብቻ ይመስል ነበር።

«ጠራኝ፣ ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ። ስገባ ቆሟል። ቆቡን አውልቆ፣ ከዘራውን ተክሎ፣ እግሩ ይንቀጠቀጣል። የልጄን ስም ጠራ። በዚያ አኳኋን ስሙን ሲጠራው ሊረግመው መሆኑን አወቅሁ። ጋቢውን አፉ ላይ ያዝኩ። ልገድለው አይደለም፤ ቃሉ እንዳይወጣ ነው። ‹ዝም በል፣ በሞቴ ዝም በል› እለዋለሁ። ወዲያው ዝም አለ። አልጋው ላይ አስተኛሁት፣ አለበስኩት። ሳሎን ስወጣ ልጄ ይስቃል።»

«ታዲያ ቢረግመውስ ምን ነበረበት?» ገመቺስ ጮኸ። «እኔን ስንቴ ረግሞኛል? ንዴቱ ሲበርድለት ጠርቶ ያነሳልኝ የለም ወይ? ለቢኒም ያነሳለት ነበር!»

«ትንፋሹን አላየኸውም?» አሉ እናቱ። «ዛሬ ነገ የሚሞት ሰው ነው። ሳያነሳለት ቢሞትስ? የአባት እርግማን ተሸክሞ ሊኖር ነው ልጄ? ይህንን ብዬ ነው።»

ጂጂ አፏን በመዳፏ ያዘች። ሰላሃዲን አንገቱን ደፋ። ራያ አሥራ ምናምን ዓመት ፖሊስ ሆና ነፍሰ ገዳይ ብዙ አይታለች፤ አንጀቷን እንዲህ የበላት ግን አልነበረም።

አዴ ተረፈች እጇን ያዟት። «የተማርሽ ነሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስሙን ጠርቷል። ‹ዘርህ› ብሏል። ከዚያ ወዲያ የወጣ ቃል ይኑር አይኑር፣ ጆሮዬ ደንቁሮ አልሰማሁም። ግማሹ የተባለ እርግማን ይደርሳል?»

ራያ ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ ጠበቃ ቢጠይቋት የምትመልሰው ነበራት።

ገመቺስ ግን ግድግዳውን ተደግፎ መለሰ፤ የሚያስብበት ጊዜ አልወሰደም። «ቢደርስስ ማን ያነሳዋል አሁን? የሚያነሳው እሱ ብቻ ነበር።»

አዴ ተረፈች የራያን እጅ ለቀቁ።

ይህን ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ዋይታው አዲስ ሆኖ ተነሳ። ለሌላ ዝግጅት ሐዋሳ ሄዶ የነበረው ቢኒ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ መድረሱ ነበር። «አባዬ! አባዬ!» እያለ ደረቱን እየመታ ገባ፤ እናቱን ፍራሹ ላይ ሲያያቸው ሊያቅፋቸው ተንደረደረ።

አዴ ተረፈች ሁለት እጃቸውን ነጠላቸው ሥር ሸሽገው ወደ ግድግዳው ሸሹ።

«አትንካኝ» አሉት።

ቢኒ እጁን እንደዘረጋ ቆመ። «ምን ሆና ነው?» ብሎ በየተራ አያቸው፤ ወንድሙን፣ ጂጂን፣ የማያውቀውን ተከራይ፣ ፖሊሷን።