ማለት አይቻልም

«አንብቢው! ጮክ ብለሽ አንብቢው!»

አክስቷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ስትወረውረው የሻይ ብርጭቆው ተንገጫገጨ። ክብሪት የሒሳብ ደብተሯን ገፋ አድርጋ ስልኩን አነሣች። «ክብሪት» ያሏት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ቀጭንና ረጅም ናት፣ ደግሞ ትንሽ ነገር ከነካት ቦግ ትላለች። ስሙን ያልወደደችው መጀመሪያ ሰሞን ብቻ ነበር።

ስልኩ ላይ ያለው ፎቶ ነው። አክስቷ በምትሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት።

«የሽመና ክፍል ሠራተኞች ላቀረባችሁት የጆሮ መከላከያ ጥያቄ፤» ብላ ጀመረች ክብሪት። «የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የኤአይ ጥናት ረዳት እንደሚያስረዳው፣ በዚሁ ፋብሪካ በተካሄደ የማስተርስ ጥናት መሠረት የማሽኖቹ ድምፅ በሠራተኞች የመስማት ችሎታ ላይ ጉዳት አላደረሰም።»

ከሥሩ የአጥኚዋ ስም ሰፍሯል። የእናቷ ስም።

ክብሪት ስታነብ አክስቷ ከንፈር ከንፈሯን ነበር የምታያት። ዕድሜዋን በሽመና ማሽን መሃል ስለጨረሰች፣ ከጆሮዋ ይልቅ ዓይኗን ማመን ከጀመረች ቆይታለች። ስትናገር ደግሞ ድምፅዋ ግቢውን ይሞላዋል።

«ሴቶቹ ዛሬ ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹የገዛ እህትሽ ሸጠችን› አሉኝ! እዚያች ወንበር ላይ አስቀምጣኝ ጆሮዬን ስትለካ፣ ‹ላንቺ ብዬ ነው እኮ የማጠናው› ስትለኝ፣ እኔ ሞኟ!»

በሩ ተከፈተ። እናቷ ነበረች፤ ከሆስፒታል ተረኛ ውላ መምጣቷ ነው፣ የነርስ ካፖርቷን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋለች። ስልኩን ተቀብላ አነበበች። ደግማ አነበበች።

«እኔ ይህን አልጻፍኩም» አለች።

«ስምሽ ነው!»

«ስሙ የኔ ነው። ቃሉ የኔ አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው? የጅኒ? ጽሑፉን አምጪና አሳዪኛ!»

እናቷ ዝም አለች። የሚታይ ነገር አልነበረማ። የራሷን ቅጂ ያኔ ለፋብሪካው ሰጥታው ውሃ በልቶታል፣ የጻፈችበት ኮምፒውተርም ከተቃጠለ ሰነባብቷል። ዝምታዋን አክስቷ እንደ እምነት ቃል ቆጠረችው። በሩን በላይዋ ላይ ድርግም አድርጋ ወደ ጓሮ ክፍሏ ገባች።

«እማዬ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደሽ ንገሪያቸው እንጂ!»

«አልሄድም» አለች እናቷ፣ ጫማዋን እየፈታች። «አብረን ነው ያደግነው። አንድ ጡት ጠብተን፣ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን። ግድግዳ ላይ ያየችውን ወረቀት ካመነች ትመን። እውነተኛ ለመሆን ደጅ አልጠናም።»

ክብሪት ማንኛቸው ይበልጥ እንዳናደዷት አላወቀችም። አንዷ ትጮኻለች፣ አንዷ ትኮራለች። ፋብሪካው ውስጥ ግን ማሽኑ እንደ ጉድ ይንጫጫል። የሠራተኞቹ ስብሰባ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት የክፍል ጓደኛዋን ፈለገችው። «ዲጄ» ነው የሚሉት፤ ማዳመጫው ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። የቤተ መጻሕፍቱን የኤአይ ጥናት ረዳት ፕሮግራም ማንም ሰው በስልኩ መጠየቅ ይችላል፤ ዲጄ የቤት ሥራውን ሁሉ በእሱ ነው የሚሠራው። ጥያቄውን ጻፈለትና ስክሪኑን አሳያት።

«ያው ነው ባክሽ። ‹ጉዳት አላደረሰም።› የእናትሽን ስም ሁሉ ጠቅሷል፤ ታዋቂ ሆነችልሽ!»

«አልጻፈችውም እያልኩህ!»

«እና ማሽኑ ምን አግኝቶ ይዋሻል? ከፋብሪካው ደሞዝ አይበላ።»

«አቦ ሙድ አትያዝብኝ!» ጩኸቷ ኳስ የሚጫወቱትን አስቆማቸው።

ዲጄ እጁን አነሣ። «እሺ፣ እሺ። ግን ምናልባት ያኔ እናትሽ ራሷ ተሳስታ ቢሆንስ?»

ክብሪት ፊቷን አዙራ መራመድ ጀመረች። ሌሊቱን እንቅልፍ የነሣት ይኸው ጥያቄ ነበር። እናቷ ስትጽፍ ክብሪት ገና ሕፃን ነበረች። ምን እንደጻፈች በዓይኗ አላየችም። ያችን ቅንጣት ጥርጣሬ ልቧ ውስጥ ስላገኘቻት በራሷም ተናደደች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ቤተ መጻሕፍት።»

«እንዲህ ሆነሽ? አያቴ ‹ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው› ትላለች።»

«ማጭድህን ያዘው» አለችና ከትምህርት በኋላ ብቻዋን ሄደች።

መግቢያው ላይ ያለው ሰውዬ ወደ ሁለተኛ ፎቅ፣ ወደ ኤሌክትሮኒክ መረጃ ክፍል መራት። በሩ ላይ አዲስ ፖስተር ተለጥፏል፤ «ጠይቁት፣ ይመልሳል!» ይላል። ውስጡ ግን እንደ ፖስተሩ አያምርም። የኬብል ጥቅልል፣ ያልተፈቱ ካርቶኖች፣ የሚያንኳኳ ማራገቢያ። የክፍሉ ኃላፊ ሴትዮ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ሰክታ በሁለት እጇ ትጽፋለች። «ተማሪዎቹ ከቤታቸው ሆነው ጆርናሎቹን መክፈት አቅቷቸዋል እያልኩ ነው፤ ክፍያው እኮ ተከፍሏል!» ትላለች ለሆነ ሰው። ክብሪት ቆማ ጠበቀች። መጠበቁ አላበረዳትም።

«የእናቴን ጥናት አጣማችሁ ነው የምትናገሩት» አለች፣ ስልኩ እንደተዘጋ።

ሴትዮዋ ሰምታ ጨረሰችና ተነፈሰች። «የኔ እህት፣ ቅሬታ በኢሜይል ነው የምንቀበለው። መሣሪያውን ደግሞ እኛ አልሠራነውም፤ ገዝተነው ነው። ያስገባንለትን ያነባል፣ ያነበበውን ይመልሳል። በቃ።»

«እና ያስገባችሁለት ምንድን ነው?»

ሴትዮዋ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አዞረች። የእናቷን ስም ፈለገች፣ ፋይሉን ከፈተች፣ ወደ መደምደሚያው ወረደች። ክብሪት ከትከሻዋ በላይ ጎንበስ ብላ አብራ አነበበች። የገጹ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ስለዚህ የማሽኖቹ ድምፅ በሠራተኞች የመስማት ችሎታ ላይ ጉዳት አላደረሰም»

እውነትም ተጽፏል። በእናቷ ቃል፣ በእናቷ ጽሑፍ።

«አራት ነጥብ የለውም» አለች ሴትዮዋ ድንገት።

«ምን?»

«መጨረሻው ላይ። ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም።»

ሴትዮዋ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈች። ስለ ሌላ ነገር ነው የሚያወራው። ክብሪት ጣቷን ስክሪኑ ግርጌ ላይ ተከለች። «ይህ ሃምሳ ሰባት ነው። ያኛው ሃምሳ ዘጠኝ። ሃምሳ ስምንት የታለች?»

ሴትዮዋ ፋይሉን ከላይ እስከ ታች ሮጠችበት። አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። ተነሥታ ወጣች፤ ስትመለስ ሰማያዊ ጥራዝ ይዛ ነበር፣ ቀጠን ያለ። ሃምሳ ሰባትን ገለጠች። ቅጠሉን ገለበጠችው። ከጀርባው ጽሑፍ አለ።

«ማለት አይቻልም፤» ይላል የገጽ ሃምሳ ስምንት መጀመሪያ። «ይልቁንም በሽመና ክፍል ረጅም ጊዜ ከሠሩት መካከል አብዛኞቹ በመደበኛ ድምፅ የሚነገራቸውን መስማት እንደተሳናቸው ምርመራው አረጋግጧል። የጆሮ መከላከያ ሳይውል ሳያድር ሊቀርብላቸው ይገባል።»

ክብሪት ሳቀች።

«የመመረቂያ ጽሑፍ በወረቀቱ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚታተመው፣ ደንቡ እንደዚያ ነው» አለች ሴትዮዋ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው። «ስካነሩን በዚያ አስተካከልነው። ጀርባ ያለው ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም።»

«እናቴ በሁለቱም ወገን ያሳተመችው ወረቀት ለመቆጠብ ነው። ስለተቸገረች ግማሽ አፏን ቆረጣችሁት።»

«ሆን ተብሎ አይደለም...»

«ተሳስተናል ብለው ይጻፉልኝ። ማኅተም አድርገው።»

ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የዳይሬክተሩ ፊርማ ይፈልጋል። መሣሪያው ከተመረቀ ገና ወሩ ነው፤ ባደባባይ ነው የተጨበጨበለት። ዛሬውኑ ሙሉውን ስካን አድርጌ አስገባለሁ፣ ነገ ትክክለኛውን ይመልሳል። ዝም ብለን እናርመው፤ ማንም አይጎዳም።»

«ፋብሪካው ግድግዳ ላይ ያለውን ወረቀትስ ማን ያርመዋል? አክስቴ የማትሰማው በእናንተ መሣሪያ አይደለም፣ እሱ ልክ ነው። ከእናቴ ጋር የማትነጋገረው ግን በእናንተ ነው። ሳልይዝ አልወጣም።»

ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች። የመዝጊያው ደወል ተደወለ። ሴትዮዋ መብራቶቹን አንድ በአንድ አጠፋች፤ ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ ሴትዮዋ ሁለቱን ገጾች ኮፒ አደረገች፣ «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» የሚለውን ማኅተም መታችባቸው፣ ፈረመች።

«በኔ ሥልጣን ያለው ይኼ ነው።»

ክብሪት ተቀበለች። አመሰግናለሁ ማለት ከአፏ አልወጣም።

ቤት ስትደርስ አክስቷ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። ወረቀቶቹን ሰጠቻት። አክስቷ እርጥብ ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ መስመሩን ተከትላ አነበበች፣ ወደ ሁለተኛው ወረቀት አለፈች፣ እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለሰች።

«ምላሴን በቆረጠው» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ልትከት ስትል ክብሪት እጇን ያዘቻት።

«እማዬስ?»

«ነገ ይዤው ልግባና፣ ከስብሰባው በኋላ...»

«አሁን፣ እቴቴ!» ከንፈሯን በደንብ እንድታይላት ፊት ለፊቷ ቆመች። «ስትሰድቢያት ከነገ በኋላ አላልሽም።»

አክስቷ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ክብሪት በሩ ላይ ቀረች። እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ድስት ታጥባለች።

«ይቅር በዪኝ!» ብላ ጮኸች አክስቷ።

«ቀስ በዪ፣ ሰፈር ይሰማል።»

«ይስማ!»

እናቷ ድስቱን ማሸቱን አላቆመችም። «ከማሽን አነስኩብሽ?» አለች። አክስቷ ጀርባዋን እያየች ስለነበር አልሰማቻትም። እናቷ ይህ ገባትና ዞራ፣ ፊቷን አሳይታ ደገመችላት። አክስቷ ማልቀስ ጀመረች። እናቷ ወረቀቱን ከእጇ ወስዳ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ የራሷን ጽሑፍ ካየች ዓመታት ሆኗታል።

«ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

ስብሰባው ላይ እናቷ ራሷ ቆማ አነበበችው። ማስታወቂያው ከሰሌዳው ተነሣ። ሥራ አስኪያጁ ግን «እናጠናዋለን» አለ። ይህን ያለው ጥናቱ በእጁ እያለ ነው። የጆሮ መከላከያው ለሚቀጥለው በጀት ተቀጠረ። ማታ አክስቷ ይህን ለክብሪት ስትነግራት እናቷ አንገቷን ነቀነቀች፣ ሁለቱም ሻይ ጠጡ። ክብሪት ግን ሻዩ አልወረደላትም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመለሰች። «ተሳስተናል» የሚለውን ደብዳቤ ፈልጋ ነው። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስትደረድር ነበር።

ሴትዮዋን ያገኘቻት የመመረቂያ ጽሑፎቹ መደርደሪያ መሃል፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ነው። ቅዳሜ የሥራ ቀኗ አልነበረም።

«ዳይሬክተሩ እምቢ አሉ» አለች ሴትዮዋ፣ ሳትጠየቅ። «‹ተስተካክሏል አይደል፣ ምን ያስጽፋል?› አሉኝ።»

«እና እርስዎ ዝም አሉ?»

«ሰኞ እንደገና እጠይቃለሁ።»

ክብሪት የደረደረችው ሁሉ አፏ ላይ ነበር። ልትለቀው ስትል ከሴትዮዋ ጎን ያለውን ክምር አየች። ሰማያዊ ጥራዞች ናቸው፤ ሁሉም ቀጠን ቀጠን ያሉ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«በሁለቱም ወገን የታተሙ። እስካሁን ያገኘኋቸው ናቸው፤ ገና ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነኝ።» ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። «ሁሉም ለመሣሪያው የገቡት በግማሽ ነው።»

ክብሪት ከላይ ያለውን አነሣች። ስለ ጉድጓድ ውሃ ነው። ሽፋኑ ላይ የማታውቀው የሴት ስም አለ። ይህች ሴት አሁን የት እንዳለች፣ መሣሪያው በስሟ ለማን ምን እንደተናገረ፣ ማን ከማን ጋር እንዳጣላባት የሚያውቅ የለም። ንዴቷ አልበረደም። ቦግ ብሎ የሚጠፋው ዓይነት ግን አልነበረም፤ ይህኛው ቁጭ ብሎ ሊሠራ የሚችል ንዴት ነው።

«ደብዳቤውን እስክትሰጡኝ በየቅዳሜው እመጣለሁ» አለች።

«አውቃለሁ።»

ክብሪት ቦርሳዋን አወለቀች። ያልታየውን መደርደሪያ በዓይኗ ለካችው፣ ከሴትዮዋ ትንሽ ራቅ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠችና የመጀመሪያውን ጥራዝ ሳበች። ገለጠችው። ከዚያ ቅጠሉን ገልብጣ ጀርባውን አየች።