የቆረጥኩት ልመና

ተረት ካላችሁት መብታችሁ ነው። እኔ ግን የሆነውን ነው የምጽፈው። የምጽፈው በስልክ ነው... የቻናሉ አድሚኖች፣ እባካችሁ አንድ ቃል እንኳ አትቁረጡብኝ።

ዱሉት፣ አሜሪካ። እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። በረዶው መስኮቱን እስከ ወገቡ ቀብሮታል። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም።

እንደዚያ ነበር የማውቀው።

ሰዎች ስለ አሮጌ ቤት ጥገና የሚጠያየቁበት አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ በነጻ አድሚን ነኝ። ጥያቄ አጸዳለሁ፤ ሰላምታ፣ ምስጋና፣ ልመና ይቆረጣል። የተደጋገመውን እዘጋለሁ። አንጋፋዋ አድሚን ሎርና "መቀሱ" ትለኛለች።

አዲስ ጥያቄ መጣ።

"ምድር ቤት ውስጥ ነኝ። በሩ ከውጭ ተቀርቅሯል። ከውስጥ እንዴት ይከፈታል? ድምፄ አልወጣ ብሎኛል። ከላዬ ሰው ኪቦርድ ሲነካካ ይሰማኛል። እባክህ... እባክህ... እባክህ።"

ኪቦርዱ ለበሩ ምን ይፈይዳል? ቆረጥኩት። ልመናውንም ቆረጥኩት።

ጥያቄው አማረበት።

ወዲያው ልመናውን መልሶ ጻፈው። ፊደሎቹ የተዘበራረቁ ናቸው፤ በጨለማ፣ በዳበሳ የተጻፉ ይመስላሉ።

እንደገና ቆረጥኩ።

ከሥር አንድ መስመር ጨመረ።

"አትቁረጠው። የምለምነው አንተን አይደለም። እዚህ አብሮኝ ያለው ነገር ልመናዬን እስካየ ድረስ ነው የማይጠጋኝ።"

ሳቄ መጣ። "ከዚህ በፊት ተጠይቋል" ብዬ ዘጋሁት። በተዘጋ ጥያቄ ላይ ጠያቂው አንዲት ፊደል መጨመር አይችልም።

ሎርና ደወለች። እንደ ልማዷ ተቆጣችኝ። ማረም የሰውን ሐሳብ መለወጥ አይደለም፤ ካልገባህ አስቀድመህ ጠይቀው፤ ስትዘጋም ምክንያቱን በወጉ ንገረው አለችኝ።

"ለመሆኑ ምን ነበር የቆረጥከው፣ መቀሱ?"

አነበብኩላት። ኪቦርዱ ጋ ስደርስ አቋረጠችኝ።

"ስማ..." አለች በሹክሹክታ። "ያንተ ምድር ቤት በር... መቀርቀሪያው በየት በኩል ነው?"

ጣቶቼ ኪቦርዱ ላይ ደረቁ።

በውጭ በኩል ነው።

"ጥያቄውን መልሰህ ክፈተው። ቶሎ።"

"ሦስት አድሚን መስማማት አለበት... ዛሬ ያለነው እኔና አንቺ ብቻ ነን።"



ከወለሉ ሥር የሆነ ነገር ተጎተተ... አንዴ ብቻ። ከዚያ ጸጥ።

ሮጥኩ። መቀርቀሪያውን ሳብኩ። ወረድኩ።

ማንም የለም።

የመጨረሻው ደረጃ ላይ አንድ ስልክ ተቀምጧል። የእኔ አይደለም። ሳነሳው ይሞቃል። የዘጋሁት ጥያቄ ስክሪኑ ላይ ይታያል።

ጥግ ላይ፣ ጨለማው ውስጥ፣ የሆነ ነገር ወደ እኔ ዞረ።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ድምፄ አልወጣም።

በላይ በኩል በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ... መቀርቀሪያው ገባ።

ስልኩ ላይ አዲስ ጥያቄ ከፍቼ "እባክህ" ብዬ ጻፍኩ።

ከላዬ ኪቦርዴ ተንኳኳ።

ቃሉ ጠፋ።