ሁለት ስልክ፣ አንድ ሒሳብ

አቶ ሀብተ ሚካኤል ዳባት ባለው የእህል መጋዘናቸው ውስጥ፣ ማጅራታቸውን በሚዛን ድንጋይ ተመትተው የተገኙት በ1995 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ፣ ሐሙስ ማለዳ ነው። ከተማው ግን ሬሳው ሳይነሣ ፈርዶ ጨርሷል፤ ገዳዩ ትንሹ ልጃቸው ዳምጤ ነው አለ። ወሬ መቼ ማስረጃ ይጠብቃል?

ከጎንደር የተጠራው ኢንስፔክተር ደምለው ሲደርስ ዳምጤ ታስሯል፤ ቀብሩ በማግሥቱ ነው። ደምለውን ከሁሉ ያስጨነቀው ይህ ነበር። በዚህ አገር አባቱን ገድሏል ተብሎ ከቀብሩ የቀረ ሰው፣ በኋላ ነጻ ቢወጣ እንኳ ከሰው አፍ አይወጣም።

ሟቹ ግቢያቸውን ለሁለት ልጆቻቸው አካፍለው ከትልቁ ከኪዳኑ ጋር ይኖሩ ነበር። ወንድማማቾቹ በድንበር ተጣልተው በመካከላቸው አጥር አቁመዋል፤ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ስልክ እንኳ ለየብቻ ነው ያስገቡት።

ዳምጤን ያሳሰረው የኪዳኑ ቃል ነው። ኪዳኑ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ገብስ ጭኖ ደባርቅ ሄዶ እዚያው አድሯል፤ ለዚህ ምስክር ሞልቷል።

«ምሽት ላይ ከደባርቅ ወደ ቤቴ ደወልሁ» አለ ኪዳኑ፣ ዐይኑ ቀልቶ። «አባባ ራሳቸው አነጋገሩኝ። ዳምጤ መጋዘን ጠርቶኛልና ልሂድ ብለውኝ ዘጉ።»

ሚስቱ ገበያነሽም ስልኩን ያቀበለቻቸው እርሷ እንደ ሆነች ተናገረች። እንዲህ ከሆነ ሰውዬው ሲሞቱ ኪዳኑ ሩቅ ነበር ማለት ነው። ደምለው ስልኩን አየው። ሰው እንዳይደውልበት መደወያው ተቆልፏል፤ መክፈቻው ከኪዳኑ ኪስ አይወጣም። መነጋገሪያውን አንሥቶ አዳመጠ፤ ይሠራል።

አጥሩን ዞሮ ዳምጤ ቤት ገባ። የዳምጤ ሚስት እየሩስ ባሏ ያን ምሽት ከቤት እንዳልወጣ ማለች፤ የሚስት ምስክርነት ሚዛን እንደማይደፋ ግን እርሷም ታውቃለች። ደምለው ሌላ ምስክር ቢገኝ ብሎ፣ ምሽቱን ከውጭ ሰው ጋር ተነጋግራ እንደ ሆነ ጠየቃት።

«አምባ ጊዮርጊስ እናቴ ዘንድ ልደውል ብል ስልኩ ከቀትር ጀምሮ ተቆርጧል።»

«ለምን ተቆረጠ?»

«ሳይከፈል ቀርቶ ነዋ። አባባ በዚህ ወር የሁለቱን ቤት ስልክ ሒሳብ አንድ አስደረጉት። ወረቀቱ እኛ ዘንድ መጣ። ለወንድምህ አንተው ንገረው፣ ተነጋግራችሁ ሳታዋጡ አንዳችሁም እንዳትከፍሉ አሉት። እንዲታረቁ ብለው እኮ ነው፤ የዳምጤ እግር ግን አልሄድ አለ።»

«የኪዳኑ ግን አሁን ይሠራል።»

እየሩስ አቀረቀረች። ሬሳው እንደ ተገኘ ዳምጤ ለዘመድ ለመደወል ሮጦ የሁለቱንም ከፍሎ አስከፍቶ ኖሯል። አባት ተጋድሞ ስለ ስልክ ማውራት ነውር ሆኖበት ለማንም አልተነፈሰም። ደምለው ስልክ ቢሮ ሄዶ ጠየቀ፤ ሁለቱም መስመሮች ረቡዕ ቀትር ላይ ተቆርጠው ሐሙስ ጠዋት ተከፍተዋል።

በማግሥቱ ቤተሰቡንና ሽማግሌዎቹን ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበ። ዳምጤም በካቴና ታስሮ መጣ።

«ሒሳቡ አንድ ነበር፤» አለ ደምለው ወደ ኪዳኑ ዞሮ። «ስለዚህ የዳምጤ ስልክ ሲቆረጥ ያንተም ተቆርጧል፤ ሐሙስ ጠዋት የሁለታችሁንም ከፍሎ ያስከፈተው ዳምጤ ነው። አንተ መደወያውን ቆልፈህ ሄደሃል፤ ሚስትህም መነጋገሪያውን የምታነሣበት ምክንያት ስላልነበራት መቆረጡን አላወቃችሁም። በተቆረጠ ስልክ ማንም አላናገረህም። አባትህ ምሽት ላይ በሕይወት እንደ ነበሩ የተናገራችሁት ደግሞ እናንተ ብቻ ናችሁ። ይህ ውሸት የሚጠቅመው፣ ደባርቅ ከመሄዱ በፊት ለገደላቸው ሰው ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ብለው አጉረመረሙ። ገበያነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

«እንዲህ በዪ አለኝ» አለች። «ገብሱን ሊጭን መጋዘን ሲገባ አባባ አጥሩን አፍርሱት አሉት። በዚያ ተጣሉ።»

ኪዳኑ አልካደም። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሙን በስሙ ጠራው።

«ዳምጤ፣ የኔን ለምን ከፈልህ?»

«ወዳንተም የሚደውል ዘመድ አለ ብዬ» አለ ዳምጤ። «ያንተም አባት እኮ ናቸው።»

ካቴናው ከዳምጤ እጅ ወልቆ ኪዳኑ እጅ ገባ። ደምለው ብዙ ሰው አስሯል፣ ብዙም ፈትቷል፤ ነጻ የወጣ ሰው እንዲህ ሲያለቅስ ግን አላየም ነበር። ዳምጤ እንባውን ሳይጠርግ ሄዶ ከአባቱ አስከሬን ሥር ትከሻውን አስገባ።